ጥርሱን ያመመው የወለጋ ሰው ሐኪም የሚያገኘው መቼ ነው?

የጥርስ ሕመም ሌሊት ይብሳል። ልጁ ጉንጩን ይዞ ሲያለቅስ ያደረ ቤተሰብ ይህን አሳምሮ ያውቃል። እናት ቅርንፉድ ታስነክሳለች፤ አባት ሲነጋ ከሱቅ የማስታገሻ ክኒን ይገዛል። ሕመሙ ጋብ ሲል ነገሩ ይረሳል። ዳግመኛ ሲነሳ ግን ጉንጭ አሳብጦና ትኩሳት አስከትሎ ነው። ከቤጊ ወይም ከደምቢ ዶሎ ወደ ነቀምት መሄድ የሚታሰበው ያኔ ነው።

ነቀምት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከነቀምት እስከ ጊምቢ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እስከ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በሀገራችን የጥርስ ሐኪም በአብዛኛው የሚገኘው በትልልቅ ሆስፒታሎችና በከተማ የግል ክሊኒኮች በመሆኑ፣ የገጠሩ ቤተሰብ ከሕክምናው ዋጋ በፊት የመኪናና የማደሪያ ወጪ ያሰላል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ የደረሰው ግጭትም መንገዱን አስፈሪ አድርጎት ቆይቷል። በጊዜው ሊሞላ ይችል የነበረ ጥርስ ይነቀላል፤ የከፋው ደግሞ መግሉ ወደ መንጋጋና ወደ አንገት ወርዶ ትንፋሽ እስከ መዝጋትና ሕይወት እስከ ማሳጣት ይደርሳል።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2015 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ ከዓለም ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው፣ 3.5 ቢሊዮን ሰው፣ በአፍና በጥርስ በሽታዎች ይጠቃል።

ሕክምናው ወደ ሰው ይምጣ

ለእያንዳንዱ ወረዳ በአንድ ጊዜ የጥርስ ሐኪም ማዳረስ እንደማይቻል እናውቃለን። ሆኖም መሰርሰሪያም ሆነ ኤሌክትሪክ የማይጠይቅ ዘዴ አለ። የበሰበሰው የጥርስ ክፍል በእጅ መሣሪያ ይጠረጋል፤ ቀዳዳውም በሚጣበቅ መሙያ ይደፈናል። ይህን ሥልጠና ያገኘ ባለሙያ በጤና ጣቢያም ሆነ በትምህርት ቤት ሊሠራው ይችላል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የግል ንጽሕናን በየቤቱ እያስተማረ ነውና የጥርስ ነገርም አብሮ ሊሄድ ይገባል። መስጊዶቻችንና መድረሳዎቻችንም ለምርመራ ቀን ግቢያቸውን ቢከፍቱ፣ ኢማሞችም ከጁሙዓ በኋላ ቀኑን ቢያሳውቁ፣ ብዙ ልጅ ሳያለቅስ ይታያል።

የቤተሰብ ድርሻ

የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ለኡመታቸው እንዳይከብድ ሰግተው እንጂ ከየሶላቱ ጋር ሲዋክን ሊያዙ ይሹ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። የወይራ መፋቂያ ለወለጋ ሰው ሩቅ አይደለም። ከእርሱ ጋር ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን ሁለት ጊዜ መቦረሽ ይገባል። ከሦስት ዓመት በታች ላለ ሕፃን የሩዝ ፍሬ፣ እስከ ስድስት ዓመት ላለው የአተር ፍሬ የሚያህል ሳሙና ይበቃዋል። ጥርስን የሚያበሰብሰው በአፍ ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ከስኳር የሚሠሩት አሲድ ስለሆነ፣ ልጅ ከረሜላ ጎርሶ ወይም ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጥቶ አይተኛ።

አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ብሎ ድዱን በስለት ማስቀደድ ደም ያፈስሳል፣ ይመርዛል፣ በሥር ያለውንም ቋሚ ጥርስ ይጎዳል። መድኃኒቱ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

በረመዳን ሕመማቸውን ችለው የሚቆዩ ወገኖችም አሉ። ጥርስ መነቀል በራሱ ጾምን እንደማያፈርስ፣ ደምና መድኃኒት እንዳይዋጥ ግን መጠንቀቅ እንደሚገባ ብዙ ዑለማዎች ገልጸዋል። ሕመም የጸናበት ሰው ደግሞ አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲያወጣ ቁርኣን ፈቅዶለታል።

ውድ አንባብያን! አካላችን የአላህ አማና ነው። ዛሬ ማታ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና አፋቸውን በብርሃን እዩ። ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ጉንጩ እስኪያብጥ አትጠብቁ። ወቢላሂ ተውፊቅ።