በ6 ፓውንድ የተጀመረ የሴቶች ድርጅት

ሴቶች ልጆች ሒሳብና ሳይንስ እንዲማሩ፣ በኮምፒውተር ሥራም እንዲሰለፉ የሚመክር ንግግር በየጉባኤው ይሰማል። ንግግሩ መልካም ነው። ነገር ግን ተማሪዋ ትምህርቷን ጨርሳ፣ አግብታና ወልዳ በተገኘች ጊዜ ሥራውን የሚሰጣት ማን እንደ ሆነ የሚያስረዳ ተናጋሪ እምብዛም አይገኝም። ይህ ጥያቄ ከመምህራን ይልቅ የሚመለከተው የንግድ ሰዎችን ስለ ሆነ፣ ለተከበሩ አንባብያን የአንዲት እንግሊዛዊት ነጋዴ ታሪክ ማቅረብ ተገቢ መስሎ ታይቶኛል። እኚህ ሴት ዴም ስቴፋኒ ሸርሊ ናቸው፤ በ2025 በ91 ዓመታቸው ዐርፈዋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለዱት በ1933 በጀርመን አገር በዶርትሙንድ ከተማ ነው። አባታቸው ይሁዲ ዳኛ ስለ ነበሩ የናዚ መንግሥት ከሹመታቸው ሻራቸው። በ1939 ገና የ5 ዓመት ሕፃን ሳሉ፣ ከታላቅ እኅታቸው ጋር፣ ሕፃናትን ከናዚ እጅ ለማውጣት በተዘጋጀው ባቡር ተሳፍረው ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ። በዚያም የማያውቋቸው ባልና ሚስት ተቀብለው አሳደጓቸው። በሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ሳሉ የሚወዱት የሒሳብ ትምህርት በዚያ አይሰጥም ነበርና፣ በልዩ ፈቃድ ወደ ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት እየሄዱ ተማሩት። ዩኒቨርሲቲ አልገቡም። ዶሊስ ሂል በተባለው ስፍራ በነበረው የእንግሊዝ ፖስታ መሥሪያ ቤት የምርምር ጣቢያ ተቀጥረው፣ ቀን ከኮምፒውተር ጋር ሲሠሩ ውለው ማታ እየተማሩ በሒሳብ ዲግሪ አገኙ። ሥራውን ወደዱት፤ ዕድገት በሚፈልጉበት ጊዜ ግን ሴትነታቸው መሰናክል ሆነባቸው።

ስለዚህ በ1962 በ6 ፓውንድ ካፒታል፣ በገዛ ቤታቸው፣ «ፍሪላንስ ፕሮግራመርስ» የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ሊሸጡ ያሰቡት ፕሮግራም ነበር። በዚያን ዘመን ኮምፒውተር የገዛ ደንበኛ፣ ጨርቅ የገዛ ሰው መጠቅለያውን እንደሚቀበል ሁሉ፣ ፕሮግራሙን ከመኪናው ጋር በነጻ ያገኝ ነበር። ስለዚህ ፕሮግራም ለብቻው ገንዘብ ሊያወጣ ነው ሲባል፣ ያውም ከሴት እጅ፣ ሰሚው ሁሉ ሳቀ። ያንጊዜ አንዲት ባለትዳር በእንግሊዝ አገር ያለ ባልዋ ፈቃድ የባንክ ሒሳብ መክፈት እንኳ ያስቸግራት እንደ ነበር እርሳቸው ራሳቸው ተናግረዋል።

ሠራተኞቹን ያገኙበት መንገድ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ሙያውን ጠንቅቀው ያወቁ፣ ነገር ግን በጋብቻ ወይም በወሊድ ምክንያት ሥራቸውን ትተው በየቤታቸው የተቀመጡ ሴቶች ብዙ ነበሩ። ሌላው አሠሪ እንደ ጠፋ የሚቈጥረውን ይህን ዕውቀት እርሳቸው ሰበሰቡት። ይህም ሊሆን የቻለው የሥራውን ጠባይ መርምረው ስላወቁ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፕሮግራም የሚጻፈው በእርሳስና በወረቀት ነበር፤ መጀመሪያ የሥራው ቅደም ተከተል በሥዕል ይነደፋል፤ ቀጥሎ ትእዛዙ በመኪናው ቋንቋ ይጻፋል፤ ከዚያም ወረቀቱ በፖስታ ይላክና በካርድ ወይም በወረቀት ጥብጣብ ላይ ይበሳል፤ ስሕተት እንዳይኖርም ዳግመኛ ይበሳል። ኮምፒውተሩ ዘንድ የሚደርሰው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። እንግዲህ ጸሐፊዋ ከጠዋት እስከ ማታ ቢሮ ተቀምጣ እንድትውል የሚያስገድድ ምን ነገር አለ? ልማድ ብቻ። እርሳቸው ልማዱን አስቀሩና ሴቶቹ ሕፃኑ በተኛ ጊዜ በማዕድ ጠረጴዛቸው ላይ እንዲሠሩ አደረጉ።

እዚህ ላይ ከዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ የሥራ ዘመን አንድ ነገር ላንሣ። የሒሳብ መዝገብ አያያዝ እንደ እርሷ የሚያውቅ ያልነበረ አንዲት ባልደረባ ነበረችን። ወልዳ በተመለሰች ጊዜ ለጥቂት ወራት ግማሽ ቀን እንድትሠራ ብትጠይቅ «ሙሉ ቀን ካልሆነ አይሆንም» ተባለችና ቀረች። በእርሷ ፋንታ የተተካው ሰው ሥራውን እስኪለምድ ድረስ የባከነውን ጊዜና ገንዘብ ያሰበው አልነበረም። ባለ ስድስቱ ፓውንድ ነጋዴ ግን ይህን ዐይነቱን ኪሳራ ለራሳቸው ትርፍ አድርገውታል።

የሆነ ሆኖ ገበያው እንዲህ በቀላሉ አልተቀበላቸውም። ለየድርጅቱ የሚልኩት የሥራ ማግኛ ደብዳቤ መልስ አጣ። ፊርማው «ስቴፋኒ ሸርሊ» ስለሚል ከሴት የመጣ መሆኑ ወዲያው ይታወቅ ነበር። ባለቤታቸው ሚስተር ዴሪክ ሸርሊ «ስቲቭ» በሚለው የወንድ ስም እንዲፈርሙ መከሯቸው፤ እንደዚያም ባደረጉ ጊዜ ቀጠሮ ይሰጣቸው ጀመር። ደንበኛው ሴት መሆናቸውን የሚያውቀው ከፊቱ ሲቆሙ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ደንበኛ በስልክ ሲደውል የልጅ ልቅሶ እንዳይሰማ፣ የጽሕፈት መኪና ሲመታ የተቀዳበትን ቴፕ ያሰሙ ነበር። የእኛ የጸሐፊዎች መኪና ጩኸት ለድርጅት ያን ያህል ክብር እንደሚሰጥ ያወቅሁት ይህን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ነው! አንባቢ ይህ ማታለል አይደለምን ይል ይሆናል። በእኔ አስተያየት ግን የተሸጠው ዕቃ ትክክለኛ እስከ ሆነ ድረስ፣ ከበስተ ጀርባው ሕፃን ማልቀሱ የደንበኛው ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉ የሚበልጥ የንግድ ብልሃት የምለው ግን ሌላ ነው። ድርጅቱ ሥራውን በሰዓት ሳይሆን አስቀድሞ በተቈረጠ ዋጋ ይሸጥ ነበር፤ ይህን ካደረጉት ከመጀመሪያዎቹም አንዱ ነው። በሰዓት የሚከፍል ደንበኛ ሠራተኛዋ የት ተቀምጣ፣ መቼ ገብታ መቼ ወጣች ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ዋጋው ከተቈረጠ ግን የሚጠይቀው ሥራው በቀኑ መድረሱንና መስተካከሉን ብቻ ነው። በአንጻሩም ግምቱ ቢሳሳት ኪሳራው የሻጩ ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቀድሞ አጥርቶ ማወቅ ግድ ይሆናል። ሴቶቹ በየቤታቸው መሥራት የቻሉት በርኅራኄ ብቻ ሳይሆን በእንዲህ ያለ ጥንቁቅ ስሌት ነው።

ከድምፅ ይፈጥን የነበረው የኮንኮርድ አውሮፕላን የበረራ መዝጋቢ ሣጥን ፕሮግራም የተዘጋጀው በእነዚሁ በየቤታቸው በሚሠሩ ሴቶች ነበር። ከመጀመሪያዎቹ 300 ሠራተኞች 297ቱ ሴቶች ነበሩ። በ1975 በእንግሊዝ አገር ወንድና ሴት በሥራ እንዳይበላለጡ የሚያዝ ሕግ በወጣ ጊዜ አስገራሚ ነገር ሆነ፤ ሴቶችን ለመጥቀም የታሰበው ሕግ፣ ለሴቶች ቅድሚያ መስጠትን ሕገ ወጥ ስላደረገው፣ የሴቶቹ ድርጅት በሩን ለወንዶች ለመክፈት ተገደደ። እርሳቸውም ይህን ነገር ሲተርኩ ይስቁ ነበር።

ድርጅቱ እያደገ ሄዶ በ1996 አክሲዮኑ በሎንዶን ገበያ መሸጥ ጀመረ። መሥራቿ ከዚያ አስቀድመው ከድርጅቱ ሩቡ በሠራተኞቹ እጅ እንዲገባ፣ ዋጋውንም ከራሳቸው በቀር ማንም እንዳይከፍል አድርገው ነበርና፣ 70 ያህል ሠራተኞች ሚሊዮነር ሆኑ። በማዕድ ጠረጴዛ ላይ በእርሳስ መጻፍ የጀመረች ሴት ባለ አክሲዮን ሆና ስትታይ፣ ይህ ለታናሽ እኅቷና ለልጇ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ማስረጃ ነው።

በቤታቸውም ቢሆን ኑሮው የተደላደለ አልነበረም። በ1963 የተወለደው አንድ ልጃቸው ጃይልስ ኦቲዝም ነበረበትና ብርቱ እንክብካቤ ያስፈልገው ነበር፤ በ1998 በ35 ዓመቱ ሞተ። ሀብታቸውንም አብዛኛውን ለኦቲዝም ሕሙማን መርጃና ምርምር ሰጡ፤ በ2001 የተቋቋመው የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኢንተርኔት ጥናት ተቋምም የተመሠረተው በእርሳቸው ስጦታ ነው።

የብሪታንያ የኮምፒውተር ማኅበር በሴት ፕሬዚዳንት የተመራው በ1989 ለመጀመሪያ ጊዜ እርሳቸው በተመረጡ ጊዜ ነው። የዴምነት ማዕረግ የተሰጣቸው ደግሞ በ2000 ነው። በስተ እርጅናቸው ሴቶች ልጆች ወደዚህ ሙያ እንዲገቡ በየመድረኩ እየተገኙ ያበረታቱ ነበር። በ2015 ባደረጉትና ዓለም ሁሉ በሰማው ንግግራቸው፣ ምኞት ያላት ሴት ራሷ ከላይ ጠፍጣፋ ነው፣ አይዞሽ እያሉ ከላይ ሆነው ስለሚደባብሷት ነው ሲሉ አድማጩን አስቀውታል። ምክራቸውም አጭር ነበር፦ ከምትወዷቸው ምርጥ ሰዎች ጋር ሥሩ፣ የትዳር ጓደኛችሁንም እጅግ ተጠንቅቃችሁ ምረጡ። ሁለተኛው ምክር ቀልድ የመሰላቸው አድማጮች ኖረው ይሆናል። ሚስተር ዴሪክ ሸርሊን ያስታወሰ ግን ቀልድ አይለውም፤ ከ50 ዓመት በላይ በትዳር አብረዋቸው ኖረዋልና።