የቦሎቄ ዝርያዎችን በራሳችሁ ማሳ ስለማወዳደር

ከሞዴል አርሶ አደሮች ደጋግሞ የሚቀርብልን ጥያቄ «ከአዋሽ-1 እና ከናስር የትኛው ይሻላል?» የሚል ነው። ሁለቱም ከመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡ የተሻሻሉ ዝርያዎች ናቸው። አዋሽ-1 ደቃቅ ነጭ ፍሬ ያለው፣ ለጣሳ ማሸጊያ ስለሚፈለግ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ነው። ናስር ቀይ ሲሆን በቤት ለወጥና ለንፍሮ ይውላል። የምርት ብልጫን በተመለከተ ግን «በየትኛው ማሳ፣ በምን ዓይነት ዝናብ?» ሳይባል መልስ መስጠት አይቻልም። በፓኬጅ መመሪያ ላይ የምታነቡት ኩንታል በሄክታር ዝናቡ ሲስተካከልና ሥራው ሁሉ በወቅቱ ሲሠራ የሚገኝ ነው። ከቆቦ እስከ ሸዋ ሮቢት ባሉት ቆላማ አካባቢዎች ደግሞ ዝናቡ ዘግይቶ ገብቶ ቀድሞ የሚወጣበት ዓመት ብዙ ነው።

ስለዚህ ከኩንታሉ በፊት ዝርያው የሚያብብበትን ቀን ተመልከቱ። ቦሎቄ በእርጥበት እጥረት በእጅጉ የሚጎዳው ሲያብብና ፍሬ ሲይዝ ነው፤ አበባውን ያረግፋል፣ የያዘውም እሸት ሳይሞላ ይጨማደዳል። ለምሳሌ ሁለት ዝርያዎችን ሐምሌ 10 ዘራችሁ እንበል። አንዱ በ38 ቀን ነሐሴ 18፣ ሌላው በ48 ቀን ነሐሴ 28 ያብባሉ። ዝናቡ መስከረም 1 ቢቋረጥ ጳጉሜን ጨምሮ የመጀመሪያው ካበበ በኋላ 18 ቀን፣ ሁለተኛው 8 ቀን ብቻ እርጥበት ያገኛል። ዝናቡ እስከ መስከረም መጨረሻ ቢዘልቅ ግን ዘግይቶ ያበበው ብዙ ቅጠልና ቅርንጫፍ ስላወጣ ሊበልጥ ይችላል።

የአንድ ዓመት ውጤት የሚያሳስተውም ለዚህ ነው። አንዱ ዝርያ በጥሩ ዓመት 20፣ በክፉ ዓመት 4 ኩንታል ሰጠ፤ ሌላው 15 እና 9 ሰጠ እንበል። የሁለቱም አማካይ 12 ነው። ቤተሰብ ግን የሚበላው የዓመቱን ምርት እንጂ አማካዩን አይደለም፤ በ4 ኩንታል ዓመት ዘሩም ጭምር ይበላል። በእኔ ግምት ሌላ የገቢ ምንጭ ለሌለው ቤት ሁለተኛው ይሻላል፤ መስኖ ወይም ከብት ያለው አርሶ አደር የመጀመሪያውን ቢመርጥ አይፈረድበትም። በቡድናችሁ ያሉት የእናንተን ማሳ አይተው ስለሚዘሩ ይህንን ልዩነት ንገሯቸው።

ንጽጽሩን ስትሠሩ ብዙ መሬት አያስፈልጋችሁም። ሁለቱን ዝርያዎች ጎን ለጎን፣ በአንድ ቀን፣ በመስመር መካከል 40፣ በተክል መካከል 10 ሳንቲ ሜትር አራርቃችሁ ዝሩ። ማዳበሪያውም አረሙም እኩል ይሁን። ማሳው ተዳፋት ከሆነ አንዱን ከላይ፣ ሌላውን ከታች አታድርጉ፤ ታች ያለው የላዩን ውሃና አፈር ስለሚያገኝ ያለ ብልጫው ይበልጣል። ሁለቱም መደቦች ከላይ እስከ ታች ይውረዱ፤ ቢቻል እያፈራረቃችሁ ሁለት ሁለት ጊዜ ዝሩ።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የዘር መጠን ነው። የደቃቁ ቦሎቄ 100 ፍሬ 20 ግራም ገደማ ሲመዝን የትልቁ ከ40 ግራም ሊበልጥ ይችላል። ለሁለቱም እኩል ኪሎ ከዘራችሁ ትልቁ በተክል ቁጥር ግማሽ ሆኖ ይበቅላል፤ ያን ጊዜ የምታወዳድሩት ዝርያውን ሳይሆን የተክሉን ብዛት ነው። በኪሎ ሳይሆን በፍሬ ቆጥራችሁ ዝሩ።

ሲደርስ ዳር ያሉትን መስመሮችና ጫፎች ትታችሁ ከመካከል 4 መስመር በ5 ሜትር ርዝመት ንቀሉ። ይህ 8 ካሬ ሜትር ነው። ለየብቻ ወቅታችሁ፣ ፍሬው በጥርስ ሲነከስ ቀጭ እስኪል ድረስ እኩል አድርቃችሁ መዝኑ። ከ8 ካሬ ሜትር የተገኘ 1 ኪሎ በሄክታር 12.5 ኩንታል፣ በሩብ ሄክታር ጥማድ ደግሞ 3 ኩንታል ገደማ ማለት ነው። ከኪሎው ጎን የተዘራበትን፣ ግማሹ ተክል ያበበበትንና ዝናቡ የቆመበትን ቀን ጻፉ። ቢያንስ ሁለት መኸር ድገሙት፤ አንዱ ክፉ ዓመት ቢሆን መረጃው የበለጠ ይጠቅማችኋል።

ነጩንና ቀዩን በአንድ አውድማ አትውቁ፤ በነጩ ውስጥ ጥቂት ቀይ ፍሬ ከታየ ነጋዴው ዋጋ ይቀንሳል። ለዘር የምታስቀሩትንም የዝርያውን ስም ጽፋችሁ በየከረጢቱ ለዩት።