ቪም ውስጥ ፔስት ያደረጋችሁት ኮድ ለምን ይበላሻል?

ከብራውዘር የተስተካከለ የፓይተን ኮድ ኮፒ አድርጋችሁ ተርሚናል ውስጥ በተከፈተ ቪም ላይ ፔስት ስታደርጉ፣ አንዳንዴ መስመሮቹ እንደ ደረጃ ወደ ቀኝ እየሸሹ ይሄዳሉ። ፕሮግራሚንግ የጀመሩ ወጣቶችን ሳግዝ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ጥያቄ ነው። በፓይተን የመስመር መጀመሪያ ክፍተት ትርጉም ስላለው ኮዱ ወይ አይሠራም፣ ወይ ይባስ ብሎ ያላሰባችሁትን ይሠራል።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ቪም ፔስት ማድረጋችሁን አላወቀም። ተርሚናሉ ጽሑፉን ፊደል በፊደል ስለሚያቀብለው፣ እናንተ በጣም ፈጥናችሁ የምትተይቡ ይመስለዋል። በየአዲሱ መስመር ላይ የቀደመውን መስመር ክፍተት ራሱ ይጨምራል። ኮዱም የራሱን ክፍተት ይዞ ስለሚመጣ ይደራረባል።

ምን ታደርጋላችሁ? (ትእዛዞቹ የሚተየቡት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።) ኤስኬፕ ተጫኑና በ«ዩ» የገባውን መልሱ። ኮለን አስቀድማችሁ «ሴት ፔስት» ብላችሁ ኢንተር በሉ። በ«አይ» ወደ መጻፊያው ግቡና ፔስት አድርጉ። ሲያልቅ ኤስኬፕ፣ ከዚያ ኮለንና «ሴት ኖፔስት»። የመጨረሻዋን አትዝለሏት፤ ካልጠፋ በምትጽፉበት ጊዜ ቪም ክፍተቱን አይጠብቅላችሁም።

አዳዲስ ተርሚናሎች በፔስቱ መነሻና መድረሻ ላይ ምልክት ይልካሉ፤ አዳዲስ ቪሞችም ምልክቱን ያውቁታል። ስለዚህ ችግሩ የሚበዛው አሮጌ ቪም ባለበት ሰርቨር ላይ ነው።

ሌላው ጥያቄ፦ «ቪም ውስጥ ኮፒ ያደረግሁት ብራውዘር ላይ ለምን አይወጣም?» በ«ዋይ» ኮፒ የምታደርጉት ወደ ቪም የግል ማስቀመጫ እንጂ ወደ ኮምፒውተሩ ክሊፕቦርድ አይሄድም። ወደዚያ እንዲሄድ ድርብ ጥቅስ፣ ፕላስ፣ ከዚያ ዋይ ተጫኑ። እምቢ ካለ ኮለንና «ቨርዥን» ብላችሁ «ክሊፕቦርድ» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ካለ ያ ቪም ክሊፕቦርድ የለውም ማለት ነው፤ ኡቡንቱ ላይ «ቪም ጂቲኬ 3» የሚባለውን ጫኑ። በኤስኤስኤች ሰርቨር ላይ ከሆናችሁ ግን ያ ቪም የሚሠራው በሌላ ማሽን ላይ ነውና የእናንተን ክሊፕቦርድ አያየውም። በተርሚናሉ ፔስት ተጠቀሙ፤ ሊኑክስ ላይ ብዙውን ጊዜ ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ቪ ነው።

ዕብራይስጥ ፔስት አድርጋችሁ ፊደሎቹ ተገልብጠው ቢታዩስ? በእጃችሁ አታስተካክሉ! አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ ይህ አይነካውም፤ ዕብራይስጡን ግን ብዙ ተርሚናሎች በትክክለኛው አቅጣጫ አያሳዩትም። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል ደህና ነው። ካገላበጣችሁት በእርግጥ የሚበላሸው ያኔ ነው። መጀመሪያ በሌላ ኤዲተር ከፍታችሁ እዩት።