ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ አይደለም

እ.ኤ.አ. በግንቦት 2005 በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች ሰውን ሲያከሳና ሲገድል የከረመው ሕመም ካላዛር መሆኑ ታወቀ። እስከዚያ ድረስ ብዙው ታማሚ በወባ ስም ሲታከም ነበር። መድኃኒቱን ጨርሶ ትኩሳቱ አልለቅ ያለው ሰው ሲበዛ፣ ወባው መድኃኒቱን ተላምዶት ይሆናል የሚል ግምት ተያዘ። ካላዛር የሁመራና የመተማ ቆላ በሽታ ተብሎ ስለሚታወቅ፣ ከጣና በስተምሥራቅ ባለ ወይና ደጋ መንደር ሊኖር ይችላል ብሎ ለመጠርጠር ጊዜ ወሰደ። ለአጨዳ ወደ ቆላው ወርዶ የሚመለሰው ሠራተኛ ሳያመጣው እንዳልቀረ የተገመተው በኋላ ነው። የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በአዲስ ዘመን ከተማ ያከማቸው፣ እስከ 2007 መጨረሻ የሚዘልቀው የታካሚዎች መዝገብ ሲታይ እኩሌታው ታካሚ ዕድሜው ከ18 ዓመት ያልዘለለ ነበር፤ ከአራቱ ሦስቱ ወንዶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ዓመት አልፏል። ዛሬም የሚከነክነኝ ያን ጊዜ ምርመራውን ያዘገየው አስተሳሰብ አለመሞቱ ነው፤ የወባን ቦታ ታይፎይድ ተረከበው እንጂ።

በፎገራ ያለችው ወረታ የመንገድ መገናኛ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው አውራ ጎዳና ከደብረ ታቦርና ከወልዲያ የሚመጣውን መንገድ የሚያገኘው እዚህ ነው። ስለዚህ ለሕክምና የሚሰለፈው ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። በርብና በጉማራ ዳር ውሃ ውስጥ ቆሞ ሩዝ ሲያርም የሰነበተ ገበሬ፣ ከደጋው ፋርጣ ለቀን ሥራ የወረደ ወጣት፣ የጭነት መኪና ረዳት፣ ከመተማ እርሻ የተመለሰ ሠራተኛ፣ በጠባብ ጎጆ ተጠጋግቶ የሚያድር የቆሎ ተማሪ በአንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። አብዛኛው ትኩሳት አለኝ ብሎ ይገባል፤ አብዛኛው ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ ብሎ ይወጣል። ታማሚው ይህን ቢያምን አይፈረድበትም፤ የነገርነው እኛ የጤና ባለሙያዎች ነን። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ለተግባር ልምምድ የሚመጣው የጤና ተማሪ ነው። ታሪክ ሳይጠይቅ፣ ሆድ ሳይዳስስ፣ በላቦራቶሪ መጠየቂያው ላይ "ወባ፣ ዊዳል፣ ዌይል ፊሊክስ" ብሎ መጻፍን የትኩሳት ምርመራ አድርጎ ይዞታል።

የታይፎይዱ ምርመራ ዊዳል ምን እንደሚሠራ ቀረብ ብለን እንየው። ከታማሚው ደም የተለየ አንድ ጠብታ ሴረም ነጭ ሰሌዳ ላይ ይደረጋል። ሰማያዊው ወይም ቀዩ አንቲጂን ይጨመርበታል፤ ሰሌዳው ለአንድ ደቂቃ ያህል ይወዛወዛል፤ ከዚያ ባለሙያው ጠብታው መቋጠር አለመቋጠሩን በዓይኑ አይቶ ይፈርዳል። ሥራ በዝቶበት ከዘገየ ጠብታው መድረቅ ይጀምርና የተቋጠረ ይመስላል። በጥንቃቄ ቢሠራም የሚታየው ሰውነት ያመረተው አንቲቦዲ ነው፤ ባክቴሪያውን ያየ የለም። ያ አንቲቦዲ ድሮ ከታመመው የቀረ ሊሆን ይችላል፤ ሌላ የሳልሞኔላ ዝርያም፣ ወባም ሊያስነሳው ይችላል። ንጹሕ ውሃ በሚቸግርበት አካባቢ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም ይገኛል። ፈርናንድ ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው ይህ ዘዴ በደንቡ እንዲሠራ ከተፈለገ፣ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ተወስዶ የአንቲቦዲው መጠን አራት እጥፍ ማደጉ መታየት አለበት። እኛ ግን በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠብታ እንፈርዳለን። ዌይል ፊሊክስም ከዚህ የተሻለ መሠረት የለውም፤ ታይፈስን የሚገምተው ፕሮቲየስ በሚባል ሌላ ባክቴሪያ አንቲጂን በኩል ነው።

ማስረጃው የሩቅ አገር አይደለም። በአዲስ አበባ ታይፎይድ የሚመስል ሕመም በነበራቸው 270 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ዊዳልን ባክቴሪያውን ራሱን ከደም አሳድጎ ከሚፈልገው የደም ካልቸር ጋር አነጻጽሯል። ዊዳል 88 ሰዎችን የታይፎይድ ታማሚ አላቸው፤ በካልቸር ታይፎይድ ወይም ፓራታይፎይድ የተገኘባቸው ግን 11 ብቻ ነበሩ። ካልቸርም ቢሆን እስከ እኩሌታው ሊያመልጠው ይችላል የሚል ባልደረባ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። እንግዲያው እጥፍ አድርገን 22 እንበል፤ ሁሉንም ዊዳል አግኝቷቸዋል ብለንም እንመን። ከ88ቱ ውስጥ 66ቱ አሁንም ሌላ በሽታ ይዟቸው የታይፎይድ መድኃኒት የሚሰጣቸው ሰዎች ናቸው።

"ቢሆንስ? ሲፕሮ መውሰድ ምን ይጎዳል?" የሚለውን መከራከሪያ መስማት ሰልችቶኛል። ለታይፎይድ የሚታዘዘው ይህ አንቲባዮቲክ የሳንባ ነቀርሳን ለጊዜው አለዝቦ ምርመራውን ሊያዘገይ ይችላል። የካላዛር ታማሚ በሲፕሮ አይድንም፤ በሁለትና በሦስት ዙር ኪኒን መካከል እየመነመነ፣ ደሙ እያነሰ ይሄዳል፤ ሳይታከም ከቀረ ደግሞ ሞት ነው። በቅማል የሚተላለፈው አገርሺ ትኩሳት ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ጀርሙም ለወባ በተዘጋጀችው በዚያችው የደም ስላይድ ላይ ሊታይ ይችላል፣ የሚፈልገው ዓይን ካለ። ኤች አይ ቪም በትኩሳትና በክሳት ተሸፍኖ ይመጣል፤ ከካላዛር ጋር ሲዳበል ደግሞ ሕክምናውን ያከብደዋል። ሳያስፈልግ የሚበተነው አንቲባዮቲክ እውነተኛው ታይፎይድ የመጣ ቀን መድኃኒት እንዲያሳጣን እያደረገ ነው። ጥፋቱ ከአንድ ኪኒን በላይ ነው፤ ስም የተሰጠው በሽታ ሌላ ፍለጋን ያስቆማል።

ሌላው መከራከሪያ ጠንከር ይላል። ጤና ጣቢያ ካልቸር የለውም፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ታማሚውም ደሜ ሳይታይ ምን ታውቃለህ ብሎ ይቆጣል። ሦስቱም እውነት ናቸው። ካልቸር የሌለው ቤት ግን ጥያቄ ለመጠየቅ ካልቸር አያስፈልገውም። ትኩሳቱ ስንት ቀን ሆነው? ባለፈው ዓመት ለሥራ የት ሄደህ ነበር? ሌሊት የት ታድራለህ? ቤትህ ውስጥ የሚያስለው ማን ነው? ክብደትህ ቀንሷል? እነዚህ የሚወስዱት ደቂቃ ታማሚው ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ ከምናባክነው ጊዜ ያንሳል። ከዚያ እጅ ይከተላል። ሰውየው በጀርባው ተኝቶ ጉልበቱን ያጥፋል፤ መርማሪው ከእምብርት በታች፣ ከቀኝ በኩል ጀምሮ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ጣቶቹን ወደ ግራ ጎድን እያስጠጋ ጣፊያውን ይፈልጋል። ከታች የማይጀምር እጅ እምብርት ድረስ የወረደ ጣፊያን ይስታል። በእኛ አካባቢ ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳት፣ ያበጠ ጣፊያና ክሳት አንድ ላይ ሲገኙ ለካላዛር የፈጣን ምርመራ ማዘዝ ወይም ወደሚደረግበት መላክ ግዴታ ነው። ትኩሳቱ አዲስ ሆኖ የወባ ምርመራው ነጻ ሲወጣና የአደጋ ምልክት ሳይኖር ሲቀር ደግሞ ታማሚው ትኩሳት ማብረጃ ወስዶ፣ የአደጋ ምልክቶቹ ተነግረውት፣ ካልተሻለው በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መታየቱ ራሱ ሕክምና ነው።

የቁጣው ነገር የሚበርደው በማስረዳት ነው። ገበሬ ምክንያት ሲነገረው ይገባዋል፤ ወረቀት የሚጠይቀው ከእኛ የለመደው ወረቀት ብቻ ስለሆነ ነው። ወረቀቱ ገንዘብም ያስወጣል። ፎገራ እ.ኤ.አ. በ2011 የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ከተሞከረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር። አባወራው በየዓመቱ የሚያዋጣው ገንዘብ ለማይረባ ምርመራና ለማያስፈልግ መድኃኒት ሲወጣ፣ እውነተኛው መድኃኒት ከመደርደሪያው ይጠፋና ከግል መድኃኒት ቤት ግዛ ይባላል። በመድህኑ ላይ ያለው እምነት የሚሸረሸረው በዚህ ነው።

በጤና ጣቢያ ማስተማር በዚህ አገር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 ከጣና ወዲያ ማዶ ደንቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ ነርሱና የአካባቢ ጤና ባለሙያው በቡድን ሆነው ወደ ገጠር እንዲወጡ የተፈለገው፣ በሽታን ከሰዎች አኗኗር ጋር አብሮ ማየት እንዲችሉ ነበር። ዛሬ ተማሪው ፎገራ ድረስ መጥቶ ከዊዳል ወረቀት በቀር ሌላ ካልተማረ፣ ከከተማ መውጣቱ ትርጉም የለውም።

ለባልደረቦቼና ለአስተማሪዎች የማቀርበው ጥያቄ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በአንድ ጊዜ ዊዳል ብቻ ታይፎይድ ብለን መጻፍ እናቁም፤ ተማሪም እንዲህ ብሎ ሲጽፍ ካርዱ ላይ አንፈርምለት። ሁለተኛ፣ በእያንዳንዱ የትኩሳት ታካሚ ካርድ ላይ የቀኑ ብዛት፣ የሄደበት ቦታና የጣፊያው መጠን ሳይሰፍር ወደ ላቦራቶሪ አይላክ። ለዚህ ተጨማሪ በጀትም ሆነ አዲስ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከነገ ጠዋት ጀምሮ ሊሠራ ይችላል።