የአዲስ መኪና አምሮት፦ የሚባለውና እውነታው

የመኪና አምሮት የያዘው ሰው በልቡ የሚያመላልሳት አንዲት ሐሳብ አለች፦ «ያቺን መኪና ባገኝ እኮ ጠዋት ሥራ መሄዱ ራሱ ደስታ ይሆንልኝ ነበር።» በሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ ዝናብ እየወረደበት ለቆመ ሰው ይህ ምኞት ነውር የለበትም። መኪና መኖሩ ከዝናብ ያድናል። አዲስና ውድ መሆኑ ግን የሚጨምረው ደስታ ከሚታሰበው በጣም ያንሳል።

የሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትሸዋል። ሰዎች ቢኤምደብሊው፣ ሆንዳ አኮርድ ወይም ፎርድ ኤስኮርት ቢነዱ ምን እንደሚሰማቸው ሲጠየቁ፣ መኪናው በተወደደ ቁጥር ደስታውም ይጨምራል ብለው ገመቱ። የመኪና ባለቤቶች ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሥራ ሲነዱ የተሰማቸውን ሲናገሩ ግን የመኪናው ዋጋ ለውጥ አላመጣም። ሰው ስለ መኪናው ሲጠየቅ ስለ መኪናው ያስባል፤ መሪ ሲይዝ የሚያስበው ስለ መንገዱ፣ ስለ አለቃው፣ ስለ ልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

«እኔ ከማንም ጋር አልፎካከርም» የሚለውም አባባል በጥናት ፊት ብዙ አይቆምም። በኔዘርላንድስ አንድ ሎተሪ በየሳምንቱ የአንድን ሰፈር የፖስታ ቁጥር በዕጣ ያወጣ ነበር፤ በዚያ ሰፈር ትኬት የቆረጡት ገንዘብና አዲስ ቢኤምደብሊው ይደርሳቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ መኪናው ከደረሳቸው አብዛኞቹ ወደ ገንዘብ ቀይረውታል። ትኬት ሳይቆርጡ ከባለዕድሉ አጠገብ የሚኖሩት ጎረቤቶች ግን ከሌሎች ትኬት ካልቆረጡ ሰዎች የበለጠ ለመኪና አወጡ። ኪሳቸው ምንም አልገባም፤ ዓይናቸው ግን አይቷል።

አዲስ አበባ ላይ ከሁሉ የሚያሳስተው «እዚህ አገር መኪና አይከስርም» የሚለው ነው። ያለ ምክንያት የመጣ እምነት አይደለም፤ ቪትዝ ገዝቶ፣ ለዓመታት ነድቶ፣ ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው ሞልቷል። ትርፉ ግን ከመኪናው የመጣ አልነበረም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። የቪትዟ ባለቤት ብዙ ብር ቆጠረ፤ በዚያ ብር ሌላ መኪና ልግዛ ሲል ግን ያም ተወዶ ጠበቀው።

ዛሬ ደላላው የሚያሳየው አዲስ መኪና ኤሌክትሪክ ነው፤ በእሱ ደግሞ ያ የድሮ ስሌት አይሠራም። ፋብሪካዎቹ በዋጋ ቅነሳ እየተሽቀዳደሙ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ቴስላ በቻይና ዋጋ ሲቀንስ፣ ትንሽ ቀደም ብለው በውድ የገዙ ደንበኞች መሸጫዎቹ ድረስ ሄደው ተቃውመዋል። አዲሱ ሲረክስ ያገለገለው አብሮ ይወርዳል።

ቀሪው «ቅድመ ክፍያው ካለ ሌላው ይገፋል» የሚለው ነው። ለምሳሌ 2 ሚሊዮን ብር በ18 በመቶ ወለድ ለ5 ዓመት የተበደረ ሰው በየወሩ 50,800 ብር ያህል ይከፍላል፤ ሲጨርስ የከፈለው ከ3 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ፣ ቦሎ፣ ጎማና ጥገና ገና አልተነኩም።

ስለዚህ ሊገዙ ያሰቡ ሁሉ አንድ ነገር ያድርጉ፦ ውል ከመፈረምዎ በፊት የወሩን ክፍያ ለስድስት ወር በባንክ ያስቀምጡ። ቤት ሳይጎድል፣ ብድር ሳይጠየቅ ከተቀመጠ መኪናውን ይችሉታል። በሦስተኛው ወር ከዚያው ላይ ማውጣት ከጀመሩ ግን ውሉን አይፈርሙ።