የጠፍር ወንበር እንዴት ይታደሳል?

ከአያት የወረስነው ወንበር መቀመጫው ሲረግብ፣ «አርጅቷል፤ ይፈለጥና ይንደድ» እንላለን። ቆይ! መጀመሪያ እንጨቱን እንይ። ያረጀው ጠፍሩ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ጠፍር ያልለፋ የበሬ ቆዳ ነው። ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲለሰልስ በጣት ስፋት ይተለተላል። አሮጌውን ጠፍር ቆርጠን እናወጣለን። አዲሱን እርጥብ እንዳለ በእንጨቱ ቀዳዳዎች እያሾለክን ከፊት ወደ ኋላ እንዘረጋለን። ከዚያ በአግድም አንዱን ከላይ፣ ቀጣዩን ከታች እያሳለፍን እንጎነጉናለን።

ታዲያ ከልክ በላይ አንወጥረው። ቆዳ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ራሱን በራሱ ይወጥራል። ውጥረቱ ከበዛ እንጨቱን ሊሰነጥቀው ይችላል። ጥላ ውስጥ በደንብ እስኪደርቅም ማንም አይቀመጥበት፤ እርጥቡ ጠፍር ይረግባል።

ወንበሩን የፈለጠ የአንድ ምሽት ማገዶ ያገኛል። ጠፍሩን የለወጠ ግን መቀመጫ አያጣም።