ለክበባችን የትኛው አውሮፕላን ይሻላል?

የሳይንስ ክበባችን በሪሞት የሚበር ሞዴል አውሮፕላን ለመሥራት መዋጮ እየሰበሰበ መሆኑን ታውቃላችሁ። ብዙ ልጆች “የጦር ጄት የሚመስለው ይሁን” እያሉ ነው። እኔ ግን ትሬነር ይሁን ባይ ነኝ። ትሬነር ማለት ለጀማሪ መለማመጃ ተብሎ የሚሠራ ሞዴል ነው። እውነት ለመናገር መልኩ እንደ ጄቱ አያምርም። እኔን ግን አጎቴ ማብረር ያስተማረኝ በእሱ ስለሆነ ምክንያቴን ላስረዳችሁ።

አንደኛ፣ ትሬነር ራሱን ያቃናል። ክንፉ የሚገጠመው ከአካሉ በላይ ነው። ከፊት ለፊት ስታዩት ደግሞ ግራና ቀኙ በትንሹ ወደ ላይ ቀና ያለ ነው፤ ልክ ከፈት ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ደብተር። ነፋስ አንዱን ክንፍ ዝቅ ሲያደርገው አውሮፕላኑ ወደዚያው ጎን ይንሸራተታል። ያን ጊዜ አየሩ ዝቅ ያለውን ክንፍ የበለጠ ስለሚገፋው መልሶ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጀማሪ ሲደናገጥ ጋዙን ቀነስ አድርጎ የሪሞቱን ዘንግ መልቀቅ ነው፤ በቂ ከፍታ ካለው ራሱ ይስተካከላል። ጄት መሳዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንዳዘነበላችሁት ይቀራል።

ሁለተኛ፣ ትሬነር ክንፉ ሰፊ ስለሆነ ቀስ ብሎ መብረር ይችላል። ይሄ ለእኛ በጣም ይጠቅመናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ላይ ማንኛውም አውሮፕላን እንዳይወድቅ ፈጠን ማለት አለበት። ክንፉ ትንሽ የሆነውማ ገና ሳታስቡ መሬት ይደርሳል!

ሦስተኛ፣ ለማሰብ ጊዜ ይሰጣል። ጀማሪን ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግራና ቀኝ ነው። አውሮፕላኑ ከእናንተ ሲርቅ ግራው ግራችሁ ነው። ዞሮ ወደ እናንተ ሲመጣ ግን ይገለበጣል። ሰልፍ ላይ ፊቱን ወደ እኛ ያዞረ አስተማሪ ቀኝ እጁን ሲያነሣ ለእኛ በግራ በኩል ነው እኮ! አጎቴ አንድ ዘዴ አሳይቶኛል፦ ወደ እናንተ እየመጣ ካዘነበለ፣ ዘንጉን ዝቅ ብሎ በምታዩት ክንፍ በኩል ግፉት፤ ክንፉ ይነሣል። በትሬነር ይህን ለማስታወስ ትደርሳላችሁ፤ በጄት አትደርሱም።

የሚያስተምረን ሰው ካገኘን ደግሞ ሁለት ሪሞቶችን ማገናኘት ይቻላል። አስተማሪው አንድ ቁልፍ ይዞ ሲቆይ ተለማማጁ ያበራል፤ ቁልፉን ሲለቅ አውሮፕላኑ ወዲያው በአስተማሪው እጅ ይገባል። የመንጃ ፈቃድ ማሰልጠኛ መኪና ላይ ለአስተማሪው የተለየ ፍሬን እንዳለው ዓይነት ነው።

አንድ ነገር አደራ። የሚበረው ግቢያችን ውስጥ አይደለም። ልጆች፣ የመብራት ሽቦና መስኮት አለ። ፈቃድ ተጠይቆ፣ ከአየር ማረፊያ የራቀና ሰው የሌለበት ሰፊ ሜዳ ያስፈልጋል። ጠዋት ነፋሱ ሳይበረታ ቢሆን ይመረጣል። ሲነሣም ሲያርፍም ፊቱ ወደ ነፋሱ ይሁን። የሚሽከረከረው ፊቱ ላይ ያለው ፕሮፔለር ጣት ይቆርጣል፤ ባትሪው ከተገጠመ በኋላ ማንም እጁን እንዳያስጠጋ።

ያላመነኝ ልጅ ከደብተር ወረቀት ሁለት አንድ ዓይነት አውሮፕላኖች ይሥራ። የአንዱን ክንፎች ቀና፣ የሌላውን ወደ ታች ዘንበል ያድርግና ደጋግሞ ይወርውራቸው። የትኛው ቶሎ እንደሚገለበጥ ራሱ ያያል።

ያዋጣነው ብር የእናትና የአባቶቻችን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ተከስክሶ ማየት አንፈልግም። ዓርብ ክበቡ ሲመርጥ እጃችሁን ለትሬነር አንሡ። ጄቱንም ቢሆን አልጠላሁትም፤ ትሬነሩን ሳንሰብር ማሳረፍ ስንችል እንሠራዋለን።